ጣዝማ፦ የማትናደፈው ንብ

ስለ አዊ ሲነገር ፈረሱ ሳይነሣ አይቀርም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መስክ ፈረሶች ሲግጡ አይታችኋል። ዛሬ የምንማረው ግን ከዚያ ሣር ሥር፣ በአፈር ውስጥ ስለምትኖረው ስለ ጣዝማ ነው።

ጣዝማ ከማር ንብ በመጠን ታንሳለች። በሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች። በዓለም ላይ ከ500 የሚበልጡ የማይናደፉ የንብ ዓይነቶች አሉ፤ እርሷም ከእነዚህ አንዷ ናት። መንደፊያዋ ስለማይሠራ ራሷን የምትጠብቀው በመደበቅ ነው። ጎጆዋን በመሬት ውስጥ ትሠራለች፤ ከላይ የሚታየው ጠባብ መግቢያዋ ብቻ ነው። ማሯንም የምታኖረው እንደ ማር ንብ በእንጀራ ሳይሆን፣ ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው ትንንሽ እንስራ መሳይ ዕቃዎች ነው። ማሩ ቀጠንና ኮምጠጥ ያለ ነው። ወላጆቻችን ለሳልና ለሆድ ሕመም መድኃኒት ነው ስለሚሉት በብዙ ይፈለጋል።

መከራዋም የመጣው ከዚሁ ነው። ማር ፈላጊው መግቢያዋን አይቶ ጎጆዋን ቆፍሮ ያፈርሰዋል። የማር ንብ ቤቷ ቢፈርስ ከንግሥቷ ጋር በርራ ሌላ ማደሪያ ትፈልጋለች። የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚያብጥ መብረር አትችልም። ስለዚህ ጎጆው ሲፈርስ ንግሥቷ ትጠፋለች፤ መንጋውም ብዙ ጊዜ አብሮ ያልቃል። የግጦሽ መስክ በጥልቀት ሲታረስም እንዲሁ ጎጆዋ ይፈርሳል።

«ታዲያ ማሯን አንብላ ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ጣዝማን በቀፎ የማርባት ሙከራ ተደርጓል። በቀፎ ስትኖር ንግሥቷ ሳትነካ ማሩ ብቻ ይወሰዳል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። እናት ከተረፈች ዘር ይቀጥላልና። የጣዝማም ነገር ይኸው ነው። እንግዲህ ልጆች፣ ከብት ስትጠብቁ መግቢያዋን ብታገኙ በእንጨት አትጎርጉሩት። ቁጭ ብላችሁ ስትወጣና ስትገባ ተመልከቷት፤ አትናደፋችሁም።

ጥያቄዎች
1. ጣዝማ ማሯን በምን ታኖራለች?
2. ጎጆዋ ሲፈርስ መንጋው የሚያልቀው ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ የጣዝማ ጎጆ ድሮ የት የት ይገኝ ነበር? ዛሬስ አለ? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ።