ተቅማጥ ሲይዝ ውሃ ብቻውን ለምን አይበቃም? ሁለት ቁልፍ የሚፈልገው የሴል በር

ተቅማጥና ትውከት ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ኦአርኤስ ነው። በአማርኛ "ሕይወት አድን ንጥረ ነገር" የሚባለው ዱቄት ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ታዲያ "ይሄማ ጨውና ስኳር አይደል እንዴ? መድኃኒት ስጡኝ እንጂ!" ይላል።

እውነት ነው፣ ዋናው ነገሩ ጨውና ስኳር ነው። ግን ለምን ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑ? መልሱ ያለው አንጀታችን ሴል ላይ ነው።

▪️ የሴል ሽፋን ማንን ያሳልፋል?

እያንዳንዱ ሴል በጣም ስስ በሆነ የቅባት ሽፋን ተከቧል። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህንን ቅባት በቀላሉ ያልፉታል። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እና ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ግን በራሳቸው ማለፍ አይችሉም። የሚገቡት ሽፋኑ ላይ በተሰኩ ፕሮቲኖች በኩል ነው። እነዚህን ፕሮቲኖች እንደ በር አስቧቸው።

ውሃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጨው ወይም ስኳር በብዛት ወደሟሟበት ይሄዳል። ቲማቲም ከትፋችሁ ጨው ስትነሰንሱበት ውሃ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ይሄ ኦስሞሲስ ይባላል። ስለዚህ ውሃን ወደ ሰውነት ለመመለስ መጀመሪያ ጨውን ማስገባት ያስፈልጋል።

▪️ ኮሌራ ምን ያበላሻል?

የኮሌራ ባክቴሪያ የሚለቀው መርዝ የአንጀት ሴሎች ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አንጀት ውስጥ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል። ሶዲየም ክሎራይድን ይከተላል፣ ውሃ ደግሞ ሁለቱን ይከተላል። በጣም የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ደግነቱ መርዙ የማይነካው አንድ በር አለ። ይህ በር ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ይዞ ነው የሚያስገባው። አንደኛው ከሌለ ሌላው አይገባም። በሴሉ በሌላኛው ወገን ያለ ፓምፕ ደግሞ ጉልበት እያወጣ የገባውን ሶዲየም ወደ ደም በኩል ይገፋዋል። ሶዲየም ሲገባ ውሃም ተከትሎት ይገባል።

▪️ ይህ እውቀት ስንቱን አዳነ?

ሮበርት ክሬን የተባለው ሳይንቲስት ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው እንደሚገቡ ሐሳቡን ያቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ ነው። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት ወደ ህንድ በተሰደዱ ሰዎች መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ሲመጣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው በአፍ መስጠት ጀመሩ። እሳቸው ባከሟቸው ሕሙማን መካከል የሞተው ከ4 በመቶ በታች ነበር።

▪️ መጠኑ ለምን ወሳኝ ሆነ?

አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለው። ፖታሲየምና ሲትሬትም ተጨምሮበታል። ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ በጣም ስለሚበዛ ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበዋል፤ ተቅማጡን ያብሰዋል። ዱቄቱን በትንሽ ውሃ ማወፈርም ጨው ያበዛል፣ አደገኛ ነው።

▪️ ስለዚህ፦

👉 ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በንጹህ ውሃ በጥብጡ። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።
👉 ሕመምተኛው ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በትንሽ በትንሹ ቀጥሉ።
👉 የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አታቋርጡበት።
👉 መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ደም ካለው ቶሎ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፦ ኦአርኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ሥራው የወጣውን ውሃ መተካት ነው። "ጠጣ፣ ግን አልተሻለውም" ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው።

ቤታቸው ሕፃን ላላቸው ሼር አድርጉላቸው።