«ባይሆንስ?» በከፍታና በቆላ አገር በረራን ስለ ማቀድ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ)



ስለ አገር ውስጥ በረራ በተናገርሁ ቁጥር ከአድማጭ የሚቀርብልኝ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ። «ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በረራው ለምን ተሰረዘ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠያቂው ግን የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነው። የበረራ ዕቅድ የሚያወጣው ባለሙያ በበኩሉ የመነሻውን አየር፣ የመንገዱን ተራራ፣ የመድረሻውን ደመና፣ መድረሻው ቢዘጋ የሚታረፍበትን ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሁሉ በኋላ በታንከሩ የሚቀረውን ነዳጅ በአንድ ላይ መመዘን አለበት። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ሚዛን ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገርም አጭር ነው፤ የበረራ ዕቅድ በየደረጃው «ባይሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ነው።

የምድሩ መልክ

ኢትዮጵያ ለዚህ ትምህርት የምትመች፣ ለሥራው ግን የምትከብድ አገር ናት። በሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ጫፍ አለ፤ በዳሎል ደግሞ መሬቱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አውሮፕላን ማረፊያዎቹም እንደ ምድሩ ናቸው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የመቀሌው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ የጎንደርና የላሊበላው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋሉ። የድሬዳዋው ከ1,200 ሜትር ጥቂት ያንሳል፤ የጋምቤላው 500 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ አውሮፕላን በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ሊዳርስ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ቦሌ ላይ የሠራው ስሌት ቀትር ላይ ለሌላው ማረፊያ አያገለግልም።

የሳሳ አየር ዋጋ

አውሮፕላንን የሚያነሳው በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ክንፉ የሚይዘው ያንሳል፤ ሞተሩም የሚስበው ይቀንሳል። በባሕር ወለል በመደበኛ ሁኔታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቦሌ ላይ፣ ሙቀቱ 24 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ከሩብ በላይ ጎድሏል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በመሬት ላይ 17 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሳለ መነሳቱን ትቶ መቆም ቢያስፈልገው፣ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከባሕር ወለሉ ከሲሶ በላይ ይበልጣል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ገደማ የሆነው ለጌጥ አይደለም።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው አንድ ንጽጽር አለ። ጋምቤላ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.07 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በነፋሻው አዲስ አበባ ካለው ይከብዳል። ሙቀት አየርን ያሳሳል፤ ከፍታ ግን የበለጠ ያሳሳዋል። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት፣ ማለትም ከፍ ባለ ማረፊያ ላይ ፀሐይ ስትበረታ፣ የሚቀረው አማራጭ ጭነት መቀነስ ወይም ሰዓት መለወጥ ነው። በበጋ ቦሌ ላይ 8 ዲግሪ በሆነ ንጋትና 24 ዲግሪ በሆነ ቀትር መካከል የአየሩ ክብደት 5 በመቶ ያህል ይለያያል። ከባድ በረራ በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲነሳ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ስሌት ሳያውቁት በጉዟቸው ያውቁታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በደብሊን ወይም በሎሜ፣ ሲያርፍ ኖሯል፤ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ሳያቋርጥ አዲስ አበባ ይገባል። ርቀቱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚገጥመው የፊት ነፋስና ከቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት አለመቻሉ ናቸው። የዋሽንግተኑ ዳለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ መሆኑም ከዚሁ አንጻር ትርጉም አለው።

ተራራውና «ባይሆንስ?»

አውሮፕላኑ ተነስቶ ከፍታውን ከያዘ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል። አንዱ ሞተር ቢቆምስ? ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን በአንዱ ይበራል፤ ነገር ግን የነበረበትን ከፍታ መጠበቅ ስለማይችል ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ደንቡ፣ ይህ ዝቅ የሚልበት መስመር በዙሪያው ካለው መሬት ቢያንስ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ያዛል። በሜዳማ አገር ይህ ችግር የለውም። በሰሜን ተራሮች አቅራቢያ ግን ዕቅድ አውጪው ሞተሩ በየትኛው ነጥብ ላይ ቢቆም ወደ ፊት እንደሚኬድ፣ በየትኛው ወደ ኋላ እንደሚዞር፣ በየትኛው በኩል ወደ ዝቅተኛው ምድር እንደሚወረድ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የአየር ግፊትን ይመለከታል። የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ቢወርድ፣ በሌላው ዓለም የተለመደው መፍትሔ ሰው ያለ ኦክስጅን ሊተነፍስ ወደሚችልበት ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ፈጥኖ መውረድ ነው። 4,500 ሜትር የሚደርስ ተራራ ባለበት ቦታ ግን ያ ከፍታ ከድንጋዩ ሥር ነው። አብራሪው ከ5,100 ሜትር በላይ ቆይቶ ተራራውን ማለፍ፣ ከዚያ መውረድ ግድ ይሆንበታል። በአውሮፕላን ላይ ያለ ኦክስጅን የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መስመር በደቂቃ ሲሰላ የማይቻል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጠመዝማዛው መንገድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

የሰዓትና የወቅት ጉዳይ

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በከፍታው ምድር ጠዋት ጉምና ዝቅተኛ ደመና፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓዳማ ደመና የተለመደ ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ አየሩ በተራራው ጎን ሽቅብ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከመራል፤ በረዶና ብርቱ የቁልቁል ነፋስ ይዞ ይመጣል። ከጉሙ መነሳት እስከ ደመናው መከመር ያለው የረፋድ ክፍተት ጠባብ ነው። በተራራ በተከበበ ማረፊያ ክፍተቱ ይበልጥ ይጠብባል፤ ምክንያቱም ደመናው ከኮረብታው ጫፍ በታች ከወረደ፣ ከላይ ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን መግቢያው ይዘጋል። የመንደርደሪያ መብራት የሌለው ማረፊያ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዕቅዱ ይሰረዛል።

በዚህ ላይ የእኛ የሆነ አንድ ፈተና ይጨመራል። ተሳፋሪያችን «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል፣ ቲኬቱ 9:00፣ የበረራ ሰነዱ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6:00 ይላል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። በሰነዱ ላይ ያለውን 6:00 በአገራችን አቆጣጠር ቀትር ብሎ ያነበበ ሰው ሦስት ሰዓት ይስታል። በሐምሌ ሦስት ሰዓት የረፋዱ ክፍተት በሙሉ ነው። ለዚህ ነው በክፍል ውስጥ ሰዓት ሲጻፍ የማን ሰዓት እንደሆነ ሳይገለጽ ነጥብ የማልሰጠው።

ነዳጁና የሚቀሩት ሰዎች

አሁን ሁሉንም በአንድ በረራ ላይ እናድርገው። ከቦሌ ወደ ጋምቤላ በቀጥታ መስመር 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቅድ አውጪው በመሬት ላይ ለመንቀሳቀስ የሚቃጠለውን ነዳጅ፣ የጉዞውን ነዳጅ፣ ላልታሰበ ነገር የሚያዘውን ተጨማሪ፣ ወደ አማራጭ ማረፊያ የሚያደርሰውን፣ በመጨረሻም ለ30 ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆየውን የማይነካ መጠባበቂያ ይደምራል። ጋምቤላ ቢዘጋ አማራጩ ጅማ ነው እንበል፤ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስ ነው። የጅማው አየርም አስተማማኝ ካልሆነ እስከ ቦሌ የሚመልስ ነዳጅ ያስፈልጋል። ይህ ጭማሪ፣ ለትምህርት ያህል፣ 800 ኪሎ ግራም ቢሆንና ቦሌ ላይ የመነሻው ክብደት ጣሪያውን ነክቶ ከሆነ፣ አንዱን ተሳፋሪ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ብለን ስናሰላ ስምንት ሰው ይቀራል።

እነዚህ ስምንት ሰዎች ቁጥር ብቻ አይደሉም። ከመካከላቸው ቤተሰቡን ሊቀብር የሚሄድ ይኖራል፤ በመልሱ በረራ ላይ ደግሞ ለሕክምና የተቀጠረ ሕመምተኛ ይጠብቃል። ለሁሉም ነገር ነዳጅ የሚጨምር ዕቅድ አውጪ በየቀኑ ሰው ያስቀራል፤ ለማንም ክፉ ላለመሆን የሚቀንስ ደግሞ የሁሉንም ሕይወት በአንድ ደመና ላይ ያስይዛል። ሙያው ያለው ከሁለቱ መካከል ነው። ትክክለኛ የአየር ትንበያ፣ በቅርብ ያለ ሁለተኛ ማረፊያ፣ በደመና ውስጥ የሚመራ የማረፊያ መሣሪያ የቅንጦት ነገሮች እንዳልሆኑም ከዚህ ይታያል። እያንዳንዳቸው የሚያዘውን ነዳጅ ይቀንሳሉ፤ ሰው የሚሳፈርበትን ቦታ ያስገኛሉ።

ዕቅድ የማይደርስበት

የስሌትን ወሰን ሳልጠቅስ ብጨርስ ሐቀኛ አልሆንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር 104 ሰዎችን ይዞ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ገጠመው፤ ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመለሱ ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ውጭ በሆዱ ወረደ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። የመነሻ ስሌት የሚሠራው አንድ ሞተር ቢቆም በሚል ነው። የወፍ መንጋን የሚያውቀው በማረፊያው ዙሪያ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ነው፤ እህል መቼ እንደሚደርስ፣ ውኃ የት እንደሚቋጥር፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል እርሱ ይነግራችኋል። ስለዚህ ዕቅድ በቢሮ ተጀምሮ በቢሮ የሚያልቅ ሥራ ሊሆን አይገባውም።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ አንዱ በንጋት ወረቀቱን ይዞ ይቀመጣል። በመስኮት የሚታየው ሰማይ ጠርቶ ይሆናል፤ ተሳፋሪውም ተሰልፎ ይሆናል። በዚያ ጠዋት «አይሆንም» ማለት ቢኖርባችሁ፣ ምክንያቱን ለተሰለፈው ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። መነሻውን፣ ተራራውን፣ መድረሻውን፣ አማራጩን ጥሩለት። የቀረው ሰው ለምን እንደቀረ የማወቅ መብት አለው፤ ምክንያቱን በግልጽ መናገር የማይችል ዕቅድ አውጪም ስሌቱን ገና አልጨረሰም።