ጨጓራን ማስቆረጥ ወይስ አኗኗርን መለወጥ?

"ወፈርክ፣ አማረብህ" ማለት በእኛ አገር እንደ ምርቃት ይቆጠራል። የከሳ ሰው "ምን ነካው?" ሲባል፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው ግን "ተመችቶታል" ይባላል። እኔም ለዓመታት "ከተመቻቸው" ወገን ነበርኩ። የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 113 ኪሎ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሐኪሜ ስለ ቀዶ ሕክምና እንዳስብበት ከነገሩኝ ወዲህ ለሦስት ወራት ሳነብና ስጠይቅ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተረዳሁትን በተመሳሳይ ውሳኔ ፊት ለቆሙ አንባቢያን ይጠቅማል በሚል አቀርበዋለሁ።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ከሚገባው በላይ ክብደት የነበራቸው 3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 8 በመቶ ደርሷል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። አገሪቱ ሁለቱን ችግሮች በአንድ ላይ ተሸክማለች ማለት ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው የሚታየው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዩት ቢ.ኤም.አይ የሚባለውን የክብደትና የቁመት ምጣኔ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያም ክብደት በኪሎ ለተገኘው ውጤት ይካፈላል። የእኔ 1.70 በ1.70 ሲባዛ 2.89 ይሆናል። 113 ለ2.89 ሲካፈል ደግሞ 39 ገደማ ይመጣል። ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ግን እንደ በሽታ የሚታይ ውፍረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናን የፈቀደው ምጣኔያቸው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ነበር። በ2022 የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ገደቡን ዝቅ አድርገዋል። አሁን 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም ይመከራል፤ ከ30 እስከ 35 ላለና ስኳር ላለበትም ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ምጣኔው 27 ሆኖ ለሠርጉ ቦርጩን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ይህ ጥያቄ አይመለከተውም። ለእሱ የሚሻለው እግሩና ማዕዱ ነው።

አኗኗርን መለወጥ እስከ የት ያደርሳል?

ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት፣ ስኳር ገና ያልያዛቸው ግን ጫፉ ላይ የነበሩ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተደረጉት ላይ፣ በስኳር የመያዝ ዕድል 58 በመቶ ቀንሷል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ በታክሲ ከመሄድ በእግር መሄድ ለዚህ ይበቃል።

ችግሩ ያለው ክብደቱ ብዙ በሆነ ሰው ላይ ነው። የእኔ 7 በመቶ 8 ኪሎ ገደማ ነው፤ 105 ኪሎ ላይ ያቆመኛል። በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ይህን ያህል ቀንሼ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ተመልሷል። ሳይንሱ ይህን ስንፍና አይለውም። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ረሃብ እንደመጣ ቆጥሮ ይከላከላል። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ የጥጋብን ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ይቀንሳል፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይልም ያንሳል።

"ጾም አለ አይደለም ወይ?" የሚሉ አሉ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለሥጋ የሚሰጠው ጥቅም ግን በገበታው ላይ ይወሰናል። ሥጋና ወተት ቀርቶ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ዳቦና በስኳር የጣፈጠ ሻይ ከተተካ ኪሎው አይወርድም። በረመዳንም ቢሆን የቀኑ ጾም በማፍጠሪያው ሳምቡሳና ጣፋጭ ሊካካስ ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ስሊቭ የሚባለው ሲሆን፣ ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው የሙዝ ቅርጽ ይይዛል። ግሬሊን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ ረሃቡም አብሮ ይቀንሳል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። በዚህኛው ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ሁለቱም ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በካሜራ እየታገዙ ይሠራሉ። በአማካይ ከጠቅላላ ክብደት ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳሉ፤ በእኔ ስሌት ከ28 እስከ 34 ኪሎ ማለት ነው።

ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ከኪሎው የሚበልጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአምስት ዓመት ውጤቱ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስኳር ያለባቸውን 150 ሰዎች በዕጣ ለይቶ ነበር። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ወደ 6 እና ከዚያ በታች የወረደላቸው፣ ባይፓስ ከተሠራላቸው 29 በመቶ፣ ስሊቭ ከተሠራላቸው 23 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ግን 5 በመቶ ነበሩ። ከአራት ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለው የስዊድን ጥናትም በ2007 ባወጣው ውጤት፣ በተሠራላቸው ዘንድ ሞት በሩብ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

የሚከፈለው ዋጋ

ቀዶ ሕክምናው ነፃ ስጦታ አይደለም። ልምድ ባላቸው ማዕከላት የሞት አደጋው ከሺህ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ነው። የስፌት ማፍሰስ፣ መድማትና የደም መርጋትም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ስሊቭ ቃር ላለበት ሰው ቃሩን ሊያባብስ ይችላል። ባይፓስ ከተሠራ በኋላ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ለቁስለት ስለሚያጋልጡ አይመከሩም፤ አልኮልም ቶሎ ይሰክራል። ሴቶች ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከእርግዝና እንዲቆጠቡ ይነገራቸዋል። ቪታሚን ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው፤ የደም ምርመራውም እንዲሁ። ወጪውን የሚያሰላ ሰው እነዚህን መርሳት የለበትም።

ለእኛ አገር ሰው በተለይ መነሳት ያለበት አንድ ነገር አለ። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እዚህ በእጅጉ የተስፋፋ ነው። ባይፓስ ከተሠራ በኋላ የተነጠለውን ጨጓራ በካሜራ ማየት ስለሚያስቸግር፣ ባክቴሪያው አስቀድሞ ተመርምሮ መታከም አለበት።

ከዚያ ማዕዱ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ ምግብ ብቻ ነው፤ እንጀራ ቆይቶ ይመጣል። ከዚያም በኋላ ጥቂት ጉርሻ ያጠግባል። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!" በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ቤተሰቡ ያልተቀበለው ቀዶ ሕክምና በየድግሱ ሲፈተን ይኖራል።

መርፌውስ?

ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለውፍረት ተፈቅዷል። በጥናት 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሷል። ሲቋረጥ ግን ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው በዓመት ውስጥ ተመልሷል። ያለማቋረጥ ማግኘትና መግዛት ለሚችል ሰው ሦስተኛ መንገድ ነው። እኔ ለዕድሜ ልክ ልተማመንበት አልቻልኩም።

የእኔ ውሳኔ

ጥያቄውን "ይህ ወይስ ያ?" ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን የማየው ግን አኗኗርን መለወጥ በሁለቱም መንገድ ላይ ያለ ግዴታ መሆኑን ነው። ልዩነቱ ቀዶ ሕክምናው ሰውነት የሚያደርገውን መከላከል ማቅለሉ ነው። ምጣኔዬ 39 ነው፤ ስኳሩ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ስኳሩ ሳይቆይ የተሠራላቸው ደግሞ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። በመሆኑም ቀዶ ሕክምናውን መርጫለሁ።

ሦስት ነገሮችን ግን አስቀድሜያለሁ። የሚሠራልኝ እዚሁ አዲስ አበባ ይሆናል፤ ውጭ ተሠርቶ መጥቶ ሌሊት ላይ ሕመም ቢነሳ፣ የሠራውን ሐኪም ማግኘት አይቻልም። ሐኪሙን ምን ያህል ሰው እንደሠሩ፣ ስንቱ እንደተወሳሰበባቸውና ክትትሉን ማን እንደሚያደርግ እጠይቃለሁ። የጨጓራ ምርመራውንም ከቀጠሮው በፊት እጨርሳለሁ። ባለቤቴ ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋር በተደረገው ውይይት ላይ ተገኝታለች፤ የጾም ወራትን በምስርና በሽምብራ እንዴት እንደምናልፍ አብረን ጽፈናል።

ምጣኔው 31 የሆነ፣ ስኳርም ግፊትም የሌለበት ጎረቤቴ ቢጠይቀኝ ግን መልሴ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስድስት ወር ይራመድ፣ ለስላሳውንና ቢራውን ይተው፣ የስኳርና የግፊት ምርመራውን ያድርግ እለዋለሁ። ቢላዋው የትም አይሄድም።