በረኪና ለሰላጣ አይሆንም

አዲስ አበባ ውስጥ ገርጂና ሲኤምሲ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ምግብ ንጽህና ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው የምጽፈው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ሰላጣና ቲማቲም በልብስ በረኪና ወይም በሳሙና የሚዘፈዝፍ ሰው በዝቶ ነበር። አሁንም የምታደርጉት ካላችሁ እባካችሁ ተዉት!

1. ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ምግብ በመብላት እንደሚይዝ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። አትክልቱን በንጹህ ወራጅ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ በጆግ እያፈሰሳችሁ።

2. እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድስቱ ነው። የማታው ወጥ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት ለብ ተደርጎ ይበላል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል፤ አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩ። ፍሪጅ ከሌላችሁ የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ።

3. ጥሬ ሥጋ ስትበሉ አረቄ መጠጣትም አያድናችሁም፤ አረቄ የጥሬ ሥጋን ኮሶ አይገድልም።

ያልገባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።