ተነቅሎ የሚቀመጠው ዲስክ

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ተመራማሪ በጣና ገዳማት እየተዘዋወሩ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሱ። የክብራን ገብርኤል፣ የሬማና የዳጋ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ከዕቃ ቤታቸው ሳይወጡ ምስላቸው ጀርመን ገባ። በ1973 ደግሞ ሰፋ ያለ ሥራ ተጀመረ። ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ተነሥተው ቅጂያቸው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ሚኒሶታ ሆነው ለዓመታት ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ቅጂው ከዋናው ርቆ ስለሚኖር አንድ እሳት ሁለቱን አያገኛቸውም።

በባሕር ዳር ከተማ ዓባይ ማዶ ያለ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያጠናቅቅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህንኑ ሥራ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መሥራት ይችላል። ብዙ ሰው ግን ላፕቶፑ ሲሞላበት ፋይሉን ወደ ኤክስተርናሉ ያዛውርና «ባክአፕ አለኝ» ይላል። ፋይሉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተባዛም። ዲስኩ የወደቀ ዕለት ሠርጉም አብሮ ይሄዳል።

ዲስኩ ደግሞ መውደቅ አይወድም። በተለመደው ኤክስተርናል ውስጥ አብረቅራቂ ሳህኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ መረጃውን የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ላይ ያንዣብባል። እየሠራ ሳለ ከተመታ ጫፉ ሳህኑን ይፍቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መመታትን ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ከተቀመጠም የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

አዲስ ዲስክ ሲገዛ አስቀድሞ ፎርማቱን ማየት ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ኤክስፋት ግን በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። በጣም ርካሽ ሆኖ ብዙ ቴራባይት እይዛለሁ የሚል ዕቃ ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። መጠኑን በሐሰት የሚያሳይ አለ፤ ሲሞላ የቆየውን ፋይል ያበላሻል እንጂ አያስታውቅም።

ቅጂውን በእጅ ከመገልበጥ ለፕሮግራም መተው ይሻላል። ዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ፣ ማክ ደግሞ ታይም ማሽን አላቸው፤ ሁለቱም የትናንቱን ብቻ ሳይሆን የቀደሙትንም ቅጂዎች ያቆያሉ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሁለት ፎልደር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብቻ የሚያደርግ ፕሮግራም በስሕተት የጠፋውን ምዕራፍ ከዲስኩም ላይ ያጠፋዋል።

መብራት በቅጂ መሐል ሲሄድ የተጀመረው ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ይሠራል። መስኮቱ «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላም ኮምፒውተሩ የሚጽፈው ሊቀረው ስለሚችል ዲስኩን ሳያሰናብቱ (ኢጀክት ሳያደርጉ) መንቀል አይገባም።

ከተሰናበተ በኋላ ግን መነቀል አለበት። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋል። ወደ ኅትመት ቤት ሲሄዱም ፍላሽ ይያዙ፤ የባክአፕ ዲስክ በሰው ኮምፒውተር ላይ አይሰካም። አቅም ካለ ሁለት ዲስክ ገዝቶ አንዱን የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ከዘመድ ቤት ማኖር ነው፤ ቤት የገባ ሌባ ላፕቶፑንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ለይቶ አይወስድምና።

የቀረው ሥራ መፈተን ነው። በየወሩ ከዲስኩ ላይ ጥቂት ፋይሎችን መርጠው ወደ ሌላ ፎልደር ይመልሱና ይክፈቱ፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዩ። የፋይሉ ስም መታየቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። አልከፈት ያለ ፋይል ካለ ዋናው በእጅ ሳለ እንደገና ይገለበጣል፤ ዋናው ከጠፋ በኋላ የሚገኝ ጉድለት ግን ማረሚያ የለውም።