ስፖንዳው ከፍ ያለ አይሱዙ ዋስትናው እስከ የት ነው?

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ የገባ አዲስ አይሱዙ፣ ጭነት ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ በበያጅ ቤት ያልፋል። ስፖንዳው ከፍ ይደረጋል፤ ከኋላ ባሌስትራ ይጨመርበታል፤ ከፊት በወፍራም ብረት ይታጠራል፤ ካቢናው ላይ ተጨማሪ መብራትና ክላክስ ይገጠማል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለጌጥ አይደለም። የቢቸና ጤፍም ሆነ የጮቄ ተራራ ሥር ድንችና ገብስ በአንድ ጉዞ በርከት ብሎ ካልተጫነ የነዳጁም የብድሩም ወጪ አይሸፈንም። የገጠሩ መንገድም ፋብሪካው መኪናውን ሲነድፍ ያሰበው ዓይነት መንገድ አይደለም።

ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ተነካክቷልና ጋራንቲ የለውም።» ይህ መልስ አንዳንዴ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን ባለንብረቱ ሊከራከርበት ሲገባ ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የአምራች ዋስትና ኢንሹራንስ አይደለም። በተወሰነ ዓመት ወይም ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው እስኪሞላ ድረስ፣ አንድ ክፍል በጥሬ ዕቃው ወይም በአሠራሩ ጉድለት ከተበላሸ አምራቹ በነፃ ሊጠግን ወይም ሊቀይር የሚገባው ቃል ነው። የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮና ጎማ እያገለገሉ የሚያልቁ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም። ከልክ በላይ በመጫን የመጣ ጉዳትም እንዲሁ። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው ምክንያቱ ላይ ነው፦ የተበላሸው ክፍል የተበላሸው ከፋብሪካው ይዞት በመጣው ጉድለት ነው ወይስ በኋላ በተጨመረው ነገር?

ባሌስትራን እንውሰድ። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው ከኋላ አይቀመጥም፤ ባለቤቱም አቅሙ የጨመረ ይመስለዋል። ነገር ግን የአክሱ፣ የኩሽኔታው፣ የሻንሲውና የፍሬኑ አቅም ያው የበፊቱ ነው። ጭነቱን የሚሸከም ጠንካራ ባሌስትራ ስለመጣ ብቻ ጭነቱ አይጠፋም፤ ወደ እነርሱ ይተላለፋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬን ነው፤ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የመኪናውን የእንቅስቃሴ ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። እዚያ ሻንሲው ቢሰነጠቅ ወይም ታምቡሩ በሙቀት ቢሰነጠር፣ አምራቹ «ባሌስትራውና ጭነቱ ነው» ቢል ምክንያት አለው። በዚያው መኪና ላይ የመሪው ፓምፕ በሁለተኛው ወር ዘይት ማፍሰስ ቢጀምር ግን ባሌስትራው ምን አገባው? ዋስትናው ለመሪው ፓምፕ እንዳለ ነው።

የነዳጅ ፓምፕ ማስጨመር ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር እፈልጋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሹፌሩም «ዳገት አይጎትትም» ይላል። መካኒኩ የነዳጁን መጠን ከፍ ያደርግለታል። የሚቃጠልበት አየር ግን አልተጨመረም፤ ትርፉ ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀት ከፍ ይላል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጎዳሉ። ቱርቦ ያለው ሞተርም ከተነደፈለት በላይ ሲጫን ቱርቦውን ያቃጥላል። የፓምፑ ማኅተም መነካቱ ደግሞ አይደበቅም፤ በአዲሶቹ ሞተሮች የኮምፒውተሩ መዝገብ ራሱ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ለተቃጠለ ሞተር ዋስትና መጠየቅ አያዋጣም።

ሽቦ ነገርም እንዲሁ ቀላል ይመስላል። ለመብራት፣ ለቴፕ ወይም ለጂፒኤስ ተብሎ የፋብሪካው ሽቦ ሲቆረጥና በፕላስተር ሲጠቀለል፣ ያለ ፊውዝ ሲቀጠል፣ በኋላ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ሁሉ በዚያ ይመካኛል። ባጃጅ ላይ ትልቅ ስፒከር የሚያስገጥሙ ወጣቶችም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ሕጉስ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ መሠረት፣ ሸማቹ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለገጠመ ብቻ ዋስትናውን መከልከል አይቻልም፤ ያ ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱን ማሳየት ያለበት ዋስትና ሰጪው ነው። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነፃ ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀም በኋላ መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ያጣዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ፤ ሆኖም አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው በመሆኑ፣ ለሥራ የተገዛ አይሱዙ ባለቤት ይበልጥ መደገፊያው የፍትሐ ብሔር ሕጉና የሽያጭ ውሉ ናቸው። በእኔ እምነት «ጉዳቱ በተጨመረው ነገር ነው» የሚል ወገን ማስረጃውን ያምጣ የሚለው የአሜሪካው አካሄድ ፍትሐዊ ነው፤ የቴክኒክ ዕውቀቱም መሣሪያውም ያለው እርሱ ዘንድ ነውና።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ደግሞ አዲስ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር በዝቷል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ይሁንና ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው መኪናው እንዲሸጥ በታሰበበት አገር ብቻ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሌላ አስመጪ በኩል የመጣ መኪና እዚህ የፋብሪካ ዋስትና ላይኖረው ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ዋስትናውን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። የባትሪውን ሳጥን ማስከፈት ዋስትናንም ሕይወትንም አደጋ ላይ ይጥላል።

አስመጪዎች የዋስትናውን ደብተር በአማርኛ አውጥተው የትኛው ጭማሪ የትኛውን ክፍል እንደሚነካ በዝርዝር ቢጽፉ፣ ለደጋው መንገድ የሚሆነውንም ስፖንዳና ባሌስትራ ራሳቸው ፈትሸው ቢፈቅዱ፣ አብዛኛው ጠብ ይቀር ነበር። እስከዚያው ግን አንተም አንቺም መኪናችሁን ወደ በያጅ ከመውሰዳችሁ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሰርቪሱን በጊዜው አስደርጉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ሞተርም ሆነ አካል ከተቀየረ ሊብሬው ላይ ይስተካከል። ዋስትና የለም ከተባላችሁም በቃል አትቀበሉ፤ የትኛው ጭማሪ፣ የትኛውን ክፍል፣ እንዴት እንዳበላሸው በፊርማና በማኅተም ይጻፍላችሁ።