ወላጅ ለሥራ ሲርቅ የክርስትና አባት ድርሻ



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች፣ አባት ለቀን ሥራ እናት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ከተማ ሄደው በአያት እጅ የሚያድጉ ሕፃናት ጥቂቶች አይደሉም። በክልሉ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ወላጆች ሲሆኑ ብዙዎቹ የሚያርሱት ከአባታቸው ማሳ የተቈረሰች ጥማድ ነው። ሐዋርያው ለቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው አጥብቆ ይወቅሳልና (1ጢሞ. 5፥8) ለእንጀራ የወጣውን ወላጅ አንነቅፍም። የቀረውን ልጅ ማን ይጠብቀው?

የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ ዘንድ ነበረ (2ጢሞ. 1፥5)፤ ስለዚህ የአያትን አሳዳጊነት አናቃልልም። ነገር ግን ጉልበቷ የደከመ አያት ውኃውንም ከብቱንም ለልጁ መተዋ አይቀርም። ከዚያም ልጁ ለሰው ቤት በእረኝነት ይቀጠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ውሎውን የሚጠይቅ መምህር እንኳ ታጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን አስቀድማ የሠራችው ሥርዓት አላት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ፣ መናገር ስለማይችለው ሕፃን ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ እምነቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባት ነው፤ ለሴት ልጅም የክርስትና እናት። ይህ ልጁን በሃይማኖት ለማሳደግ የተገባ ቃል ነው። (አሁን አሁን የክርስትና አባት በሀብቱ እንደሚመረጥ ልብ ይሏል።) በቡሔ ሙልሙል ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ የማይጠይቅ ሰው ቃሉን አልጠበቀም። ልጁ ቈረበን? ፊደል ቈጠረን? ለማን ተቀጠረ? ወላጅ ሲርቅ እነዚህን መጠየቅ የእርሱ ግዴታ ነው።

የንስሐ አባትም ቤቱን ያውቃል። ወላጅ ከመነሣቱ በፊት ካህኑን ቢያማክር፣ ካህኑም የክርስትና አባቱን ጠርቶ ልጁን በፊቱ ቢያስረክበው፣ ብዙ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ አብነት መምህር ደጅ በደረሱ ነበር።

ለሄዱትም የሐና ታሪክ አለላቸው። ሳሙኤልን በካህኑ በዔሊ ዘንድ ትታ ብትመለስም በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ሳሙ. 2፥19)፤ የዓምናው እንደሚያጥረው ታውቃለችና። ዛሬ ብር በስልክ ይላካል፤ የልጁ ቁመት ግን በብሩ አይታወቅም። ለጥምቀት ወይም ለትንሣኤ መምጣት የቻለ ይምጣ። ያልቻለው ለአያቲቱም ለክርስትና አባቱም ይደውል፤ ከመስከረም ምዝገባ በፊት፣ ልጁ ለእረኝነት ሳይሰጥ።